ሣህሉ የነፋው ፊሽካ

ለምወድሽ እህቴ ለእትዬ ይርገዱ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽ ለቀቅ አደረገሽ ወይስ የጅቡቲ ወበቅ ጭራሽ አባሰብሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? መድኃኒትሽን ሳትረሺ ትወስጃለሽ? ልጅሽ ሃሌሉያ እንዴት ናት? ባሏ ይሳቅስ የወደቡ ሥራ ተስማማው? የልጅ ልጆችሽ በስልክ ሲንጫጩ ስሰማ ቤትሽ ሙሉ መሆኑን አውቄ ደስ ይለኛል፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን የእኔ ቤት ጸጥታ ይከብደኛል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በአካል ደህና ነኝ። ሣህሉም ደህና ነው ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ላንቺ ይህን ለመጻፍ ግን እጄ እምቢ አለ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። ስንደዋወል ሣህሉ ሁልጊዜ አጠገቤ ነው፤ ጡረታ የወጣ ባል ከቤት አይወጣማ። «ሁሉ ሰላም ነው» የምልሽ እሱ እየሰማኝ ስለሆነ ነው። አሁን የጎረቤታችን የፋዱሞ ልጅ ኢፍቲን በባቡር ወደ እናንተ ስለምትመጣ ይህን በእጇ ሰደድኩልሽ። ለብቻሽ ሆነሽ አንብቢው። ለሃሌሉያም ቢሆን አታሰሚያት፤ ልጅቷ አጎቷን ስለምትወድ ደውላ ታለቅስበታለች።

ነገሩ የጀመረው ከጎርፍ ኮሚቴው ነው። ያ ትልቁ ጎርፍ ሰፈራችንን ጠራርጎ ከወሰደ በኋላ ሰው ተሰብስቦ ኮሚቴ ሲያቋቁም ፋዱሞን ሰብሳቢ እንዳደረጋት ታስታውሻለሽ። ያኔ በራፍ በራፉን እያንኳኳች ሰው ያስወጣችው እሷ ስለነበረች ማንም አልተከራከረም። ሕጎቿንም አትረሺያቸውም። ቦዩ ውስጥ ቆሻሻ አይጣልም፤ ግንብም ከቦዩ ዳር አይጠጋም። እሑድ ጠዋት ከየቤቱ አንድ ሰው አካፋ ይዞ ወጥቶ ቦዩን ይጠርጋል። ደንገጎ ተራራ ላይ ዝናብ ሲወርድ ፊሽካ ይነፋል፣ ፊሽካ ከተነፋ ሁሉም ያለውን ጥሎ ወደ ትምህርት ቤቱ ዳገት ይወጣል። መራመድ ለማይችል ሰው ደግሞ የሚያነሱት ሁለት ጎረቤቶች አስቀድመው ይመደቡለታል። ቅጣት የሚባል አልነበረም። «ፋዱሞ ብላለች» ከተባለ በቃ፣ ሱማሌውም ኦሮሞውም አማራውም እየተነጫነጨ አካፋውን ያነሳ ነበር። በየጊዜውም እሑድ ከሰዓት ትምህርት ቤቱ ግቢ ዛፉ ሥር ተሰብስበን እጅ እያወጣን እንመርጣታለን።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነህምያ የሚባል ነጋዴ ከቦዩ አጠገብ ቦታ ይዞ መጋዘን ይሠራ ጀመር። ግንቡን ወደ ቦዩ ሲያስጠጋ ፋዱሞ ሄዳ አስቆመችው። ሰውዬው ለስላሳ ነው፤ አልጮኸባትም፣ አልተሳደበም። የኮሚቴው ምርጫ እስኪደርስ ዝም ብሎ ጠበቀ። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት እኛ ቤት መጣና ለሣህሉ፣ «ጋሽ ሣህሉ፣ አንተን የመሰለ የሥራ ሰው ቁጭ ብሎ የሰፈሩ ነገር እንዲህ መሆን አለበት?» አለው።

ሣህሉን ታውቂዋለሽ። የባቡር ወርክሾፕ ፎርማን ሳለ አንድ ቃል ሲናገር ስንት ሰው ይንቀሳቀስ እንደነበር አይተሻል። ወርክሾፑ ከቀዘቀዘና እሱም ጡረታ ከወጣ ወዲህ ግን «ይህ እንዴት ይሁን?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ጠፋ። ልጆቻችንም በየፊናቸው ሄዱ። ጠዋት ተነስቶ፣ ሸሚዙን አስተኩሶ ለብሶ፣ ደጃፍ ቁጭ ይላል። እና ነህምያ የተናገረው ቃል ጆሮው ውስጥ ሲገባ ፊቱ ሲበራ አየሁት። እውነቴን ነው የምልሽ፣ እኔም ደስ አለኝ።

ምርጫው እንደ ወትሮው እሑድ መሆኑ ቀርቶ ማክሰኞ ጠዋት ተባለ። የተነገረውም ለአንዳንድ ቤት ብቻ ነው። ሴቶቹ ቀፊራ ገበያ ናቸው፣ ወጣቶቹ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፈረቃ ላይ ናቸው። የነህምያ የቀን ሠራተኞች ከኋላ ቆመው ሣህሉ ሲባል እጃቸውን አወጡ። ሲሚንቶው ገና ከልብሳቸው አልረገፈም ነበር አሉ። ፋዱሞ ሰብሳቢነቷ መቅረቱን የሰማችው ቲማቲም እየመዘነች ሳለ ከአንድ ደንበኛዋ ነው።

ይህን ሁሉ የነገረኝ ማዘንጊያ ነው። የሣህሉን የወርክሾፕ ጓደኛ ማዘንጊያን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ሚስቱ ከሞተች በኋላ ከቦዩ ዳር ባለችው ቤት ብቻውን ይኖር ነበር። ስኳሩ እግሩን ይዞት በባጃጅ ተጭኖ ነበር ስብሰባው ላይ የተገኘው። እጁንም ለፋዱሞ አውጥቷል። ከዚያ ባጃጁን ወደ እኛ ቤት አስነዳና እኔ ፊት ለሣህሉ፣ «ዞር ብለህ ከኋላ ብታይ ኖሮ ሰዎቹን ታውቃቸው ነበር» አለው።

ሣህሉ፣ «አይቻቸዋለሁ» አለ።

«ታዲያ?»

«ሥራው ያው ሥራ ነው ማዘንጊያ። እኔ ከፋዱሞ አሳንሼ አልሠራውም። ደህና አድርጌ ከያዝኩት እንዴት እንደገባሁ ሰው ይረሳዋል።»

ማዘንጊያ ውሃ ጠጥቶ ሄደ። በማግስቱም ከሰዓት እንደ ልማዱ ባጃጅ ይዞ መጥቶ አብሮት ዶሚኖ ተጫወተ። ከዚያ በኋላ ሣህሉ ጋ መምጣት ያልተወ ሰው እሱ ብቻ ነበር።

ሣህሉ ከልቡ ሠራ፣ አልዋሽሽም። ከፋዱሞ ሕግ አንዱንም አልለወጠም። የመጀመሪያው እሑድ ጠዋት አካፋውን ይዞ ቦዩ ዳር ቆመ። ጥቂት ሰዎች መጡ። በሚቀጥለው እሑድ ከእነዚያም ግማሹ ቀረ። ከዚያ በኋላ እሱና እኔ ብቻ ሆንን። ፀሐዩ እንዴት እንደሚያነድ ታውቂያለሽ፤ እሱ ይቆፍራል፣ እኔ በጆንያ እሰበስባለሁ። ሰው በአጠገባችን እያለፈ «አይዟችሁ፣ በርቱ» ይለናል። ተሳዳቢ እንኳ አልነበረም። ቢሰድቡን ይሻለኝ ነበር መሰለኝ።

ከታች የሚኖረው በግ አድላቢው ዓብዱልአዚዝ የበረቱን ቆሻሻ ቦዩ ውስጥ መድፋት ጀመረ። በፋዱሞ ጊዜ በጋሪ ጭኖ ራቅ አድርጎ የሚጥል ሰው ነው። ሣህሉ ሄዶ ሲጠይቀው በጨዋ ደንብ ተቀብሎ ወንበር ሰጠው። ከዚያ፣ «ወላሂ ጋሽ ሣህሉ፣ ሕጉን ጠልቼው አይደለም። ጥሩ ሕግ ነው። ግን ስትመረጥ እኔን አልጠየቅከኝም፤ አሁን ለምን ትጠይቀኛለህ?» አለው። ሣህሉ ቤት ገብቶ ይህንኑ ነገረኝና ምሳውን ሳይበላ ተኛ።

የባሰው ደግሞ የነህምያ ነው። ግንቡ ቦዩ አፍ ድረስ መጣ። ሣህሉ ሊያስቆመው ሄደ፤ እኔም ውሃ ይዤለት ተከትዬው ስለነበር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ነህምያ እየሳቀ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና፣ «ጋሽ ሣህሉ፣ አንተን እዚያ ያስቀመጠህ ማን ሆነና?» አለው። በዚያው ቀን ሰፈሩ ሁሉ ይህን ሰማ። ከዚያ ወዲያ ማን ሰው ቆሻሻውን ተሸክሞ ሩቅ ይሄዳል?

ነገሩ በቦዩ ቢቆም ጥሩ ነበር። አልቆመም። የቧንቧው ወረፋ ተረሳ፣ የቀደመ ይቀዳል። መንገዱ ላይ ባጃጅ አቁሞ የሚጠፋው በዛ። ሙዚቃ እስከፈለገው ሰዓት የሚከፍት፣ የጎረቤቱን አጥር ገፋ የሚያደርግ ሞላ። የማውቃቸው ሰዎች ናቸው፣ እትዬ፤ አንቺ እያለሽ ደህና ሰዎች የነበሩ ናቸው። አሁንም ክፉ አልሆኑም። ግን አንድ ሰው «ተው፣ ይህ ደንብ አይደለም» ሲባል «የቱ ደንብ?» ብሎ ፈገግ ይልና ያልፋል። ያ ፈገግታ ከቤት ቤት ተላለፈ።

እኔን ከሁሉ የጎዳኝ ግን የፋዱሞ ነገር ነው። ግድግዳ የምንጋራ፣ ስትወልድ ያረስኳት፣ ስወልድ ያረሰችኝ ናት። አልተጣላችኝም። ሰላምታዋ አልቀረም፤ የቀረው ከሰላምታው በኋላ የነበረው ነው። ከገበያ ስትመለስ በግድግዳው በኩል «ማህደር፣ አለሽ?» ትለኝ የነበረውን ተወችው። ሌሎቹም ሴቶች ስደርስ ወሬያቸውን ይቀይራሉ። እኔም መውጣት ቀነስኩ። ሣህሉ ዶሚኖ ወደሚጫወቱበት ሲሄድ አንዱ ጸሎት አለብኝ ይላል፣ ሌላው ስልክ ይደወልለታል፣ ጨዋታው ይበተናል። ሁለታችንም አንድ ቤት ውስጥ ሆነን እየተያየን እናመሻለን፤ እሱ የሚያስበውን አይነግረኝ፣ እኔ የማስበውን አልነግረው።

የሚያዝያ ወር ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን ከሰዓት፣ ድሬ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ደንገጎ በኩል ጠቆረ። አንድ የሚያውቀው የጭነት መኪና ሹፌር ከላይ ሆኖ ለሣህሉ ደወለለትና ውሃው እየወረደ መሆኑን ነገረው። ሣህሉ ጫማውን እንኳ በወጉ ሳያደርግ ፊሽካውን ይዞ ወጣ። ሰዓቱ የበርጫ ነበር። ወንዶቹ በየደጃፉ ተቀምጠው ጫት ይቅማሉ። እሱ እየነፋ ከላይ እስከ ታች ሮጠ። ሰዎቹ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ፣ ጥርት ብሏል። እሱን አዩት። አንዱ፣ «ምነው፣ ነህምያ ግንቡን ሊያስረዝም ነው የምታስወጣን?» አለና ሳቁ። ማንም አልተነሳም።

እኔ ደጃፌ ላይ ቆሜ ነበር። ሣህሉ ፊቱ በላብ ታጥቦ፣ ትንፋሽ አጥሮት ሲመለስ አየሁት። በእኔ በኩል አልፎ ፋዱሞ በር ላይ ቆመ። እሷም ከቤቷ ወጥታ ወደ ተራራው እያየች ነበር። ፊሽካውን ከአንገቱ አወጣና መንፊያውን በሸሚዙ ጠርጎ ሰጣት። «እኔን አይሰሙኝም። አንቺ ንፊው» አላት። ፋዱሞ አንድ ጊዜ አየችው። ምን ልትለው እንደነበር አላውቅም፣ ምንም አላለችውም። ተቀብላ መንገዱ መሃል ገባችና ነፋች። በሱማሊኛም በኦሮምኛም በአማርኛም «ውጡ» እያለች ወረደች።

ያው ፊሽካ ነው፤ ያው ድምፅ ነው። በሩ ሁሉ ተከፈተ። ጫቱን ጥሎ፣ ልጁን ታቅፎ፣ ሰው ሁሉ ወደ ትምህርት ቤቱ ዳገት ጎረፈ። የሣቀውም ሰውዬ ከፊት ከፊት ነበር።

ግን ጊዜ አባክነን ነበር። የመጨረሻዎቹ ሰዎች ዳገቱን ሲይዙ ውሃው ደረሰ። ቦዩ በከረመ ቆሻሻ ተደፍኗል፤ የነህምያ ግንብ ደግሞ የቀረውን ውሃ ወደ ታችኞቹ ቤቶች ገፋው። ዓብዱልአዚዝ ለዓረፋ ያደለባቸው በጎች ዓይናችን እያየ ሄዱ። ፋዱሞ ግቢው ውስጥ ቆማ በየቤቱ እየጠራች ሰው ታረጋግጥ ነበር። «ማዘንጊያ የት አለ?» አለች። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ሣህሉ እንዲያነሱት የመደባቸው ዓብዱልአዚዝንና ሌላ አንድ ጎረቤት ነበር። ሁለቱም ያኔ «እሺ» ብለውት ነበር። ለካ አንዱ ሌላኛው ያነሳው መስሎት ነበር።

ሣህሉ ወደ ውሃው ሲሮጥ ወንዶች ይዘው አስቀሩት። ጎርፉ እንደ ልማዱ ቶሎ አለፈ። ጭቃው ውስጥ ቀድሞ የደረሰው ዓብዱልአዚዝ ነበር። ሣህሉ ሲደርስ በሩ ላይ አቀፈው፣ አላስገባውም። ማዘንጊያን በማግስቱ ቀበርነው። የቀብሩ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ወጣ፤ ማንም አልቀረም። ያን ያህል ሰው ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነበር።

በሣልስቱ ሣህሉ ድንኳኑ ውስጥ ተነሳ። «ቦታውን በደንቡ አላገኘሁትም። ያን ቀን ከኋላ የቆሙትን አይቻቸዋለሁ፤ አይቼ ዝም አልኩ። እንደገና ምረጡ» አለና ተቀመጠ። ማንም አልረገመውም፣ ማንም አይዞህ አላለውም። ሰው ንፍሮውን በላ።

እሑድ ከሰዓት ሁሉም ባለበት ተመረጠ። ፋዱሞ ተመለሰች። ሰዎቹን ይዛ ወደ ነህምያ ሄደች፤ ያ የሣህሉን ትከሻ እየመታ የሳቀ ሰው ብዙ ሳይናገር በራሱ ሠራተኞች ግንቡን አስፈረሰ። በሚቀጥለው እሑድ ጠዋት በመስኮት ስመለከት መንገዱ አካፋ በያዘ ሰው ተሞልቷል። ማንም አልጠራቸውም። ሕጉ ያው የድሮው ነው፤ ሣህሉ እየለመነ ሊያስከብረው ያልቻለው ሕግ ነው። ሣህሉም አካፋውን ይዞ ወጣ። ሰዎች ቦታ ይለቁለታል፤ ከሚያስፈልገው በላይ ይለቁለታል። ድርሻውን ጠርጎ፣ ለማንም ሳይናገር ይመለሳል። አሁንም በየእሑዱ እንዲሁ ነው።

እኔ ወደ ፋዱሞ ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት፣ «አንቺ ምን አደረግሽኝ? አብሽሪ፣ ግቢ» አለችኝ። ገብቼ ተቀመጥኩ። ብዙ አላወራንም። ስወጣ ግን፣ «ፊሽካውን ያመጣልኝ ጊዜ፣ ቀድሞውንስ ለምን ወሰድከው ልለው ነበር፤ ጊዜ አልነበረም። አሁን ጊዜ አለ፤ ብጠይቀው ምን ይረባዋል?» አለችኝ። ኢፍቲን ደብዳቤዬን እንድታደርስልኝ ያለችውም እሷ ናት። ወዳጅነታችን ቀስ እያለ ይመለስ ይሆናል። እንደ ድሮው መሆኑን ግን እንጃ።

አሁን ይህን ሁሉ ወደጻፍኩበት ነገር ልምጣ። ባለፈው ሰሞን ሣህሉ ጡረታውን ሊቀበል በሄደበት ጠዋት ዓብዱልአዚዝ መጣ። ግባ ብለው አልገባም አለ። በሩ ላይ ቆሞ፣ «ማህደር፣ ማዘንጊያ ያን ቀን ሰምቶ ነበር። የመጀመሪያውን፤ ሣህሉ የነፋውን» አለኝ። የእሱና የማዘንጊያ ቤት ግድግዳ ለግድግዳ ነው። ሣህሉ ሲነፋ ማዘንጊያ ግድግዳውን እየደበደበ፣ «ዓብዱልአዚዝ፣ ሣህሉ ነፋ፤ ና አንሳኝ» ብሎ ተጣራ። «መጣሁ አባ፣ አልኩት። ወላሂ ልመጣ ነበር። ግን ማንም አልተነሳም፤ እኔም ቁጭ አልኩ። ፋዱሞ ስትነፋ ግርግር ሆነ፤ ያኛው ያነሳው መሰለኝ፣ እኔ በጎቼን ልፈታ ሮጥኩ» አለ። ቀጥሎም፣ ሬሳውን ሲያገኘው ጫማውን አስሮ፣ ኮቱን ለብሶ እንደነበር ነገረኝ። «እኔ ለሣህሉ መንገር አልችልም። አንቺ እንደመሰለሽ አድርጊ» ብሎኝ ዞሮ ሄደ። ያ ትልቅ ሰውዬ መንገድ ላይ ፊቱን በኩታው ሸፍኖ ነበር።

ከመላው ሰፈር ለሣህሉ የታዘዘው አንድ ሰው ነበር፣ እትዬ፤ እሱም እጁን ለሌላ ያወጣውና መራመድ የማይችለው ጓደኛው። ይህን ያወቅነው ዓብዱልአዚዝና እኔ ነን፣ አሁን ደግሞ አንቺ። ሣህሉ አንዳንዴ ምሳ እየበላን እጁን ያቆምና፣ «ማዘንጊያ ሰምቶኝ ይሆን?» ይለኛል። እኔ፣ «ጆሮው ደክሞ ነበርኮ» እለዋለሁ። እሱም አንገቱን ይነቀንቅና መብላቱን ይቀጥላል። ብነግረው አንድ ሰው እንደሰማው ያውቃል። ብነግረው ያ ሰው ለብሶ፣ ተጫምቶ፣ እየጠበቀ እንደሞተም ያውቃል። የቱ እንደሚቀልለት አልገባኝም። የምጠይቀው ሰው የለኝም፤ እዚህ ሁሉም ወይ ያዝንብናል ወይ ይሸሸናል። እናታችን ከሞተች ወዲህ እንዲህ ያለውን የምታውቂልኝ አንቺ ነሽ። ልንገረው ወይስ ይዤው ልቅር? ኢፍቲን ስትመለስ መልሱን በእጇ ላኪልኝ፤ በስልክ እንዳትነግሪኝ።

ለሃሌሉያ ጉንጯን ሳሚልኝ። ለይሳቅ ፀሐዩን እየተጠነቀቀ እንዲሠራ ንገሪልኝ። ትልቋን የልጅ ልጅሽን ፎቶዋ እንደደረሰኝና ራስጌዬ እንዳደረግኩት ንገሪያት፤ ሕፃኑንም በእኔ ስም አንገቱ ሥር አሽትቺልኝ። አብራችሁ ለምትኖረው ለይሳቅ እናት እግር ስሜያለሁ በዪልኝ። ሣህሉ ደብዳቤ መጻፌን ባያውቅም፣ ቢያውቅ ኖሮ «እትዬን ሰላም በይልኝ» እንደሚል አውቃለሁና ሰላምታውን ከእኔ ተቀበዪ። ፈጣሪ በጤና ያቆይሽ።

ናፋቂ እህትሽ
ማህደር

ድሬዳዋ
ሰኔ ፲፭ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.